የቴትራ ዓሣ እንቁላል ለምን ይነጣል? ጫጩቶቹስ ለምን ከሳምንት አያልፉም?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ እኖራለሁ። 120 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ስምንት ብላክ ስከርት ቴትራ፣ አሥር ኒዮን ቴትራና ጥቂት ጉፒዎች የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አሉኝ። ከብላክ ስከርቶቹ ሁለቱ ሮዝ ናቸው። ጉፒዎቹ ያለ ምንም ድካም ይራባሉ። ብላክ ስከርቶቹ ጠዋት ላይ እየተሳደዱ እንቁላል ሲጥሉ አይቼ፣ እንቁላሉን ለቅሜ ወደ ትንሽ ገንዳ አዛወርኩት፤ በማግስቱ አብዛኛው ነጥቶ ሻጋታ አበቀለ። ጨው ብጨምርም ለውጥ አላየሁም። በሌላ ጊዜ ሠላሳ የሚሆኑ ተፈለፈሉ፤ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል እየፈጨሁ ብሰጣቸውም በሳምንቱ አንድም አልተረፈም። የሻጋታ መድኃኒት ልግዛ? ወንዶቹ መካን ይሆኑ እንዴ? ኒዮኖቹንስ በዚሁ መንገድ ማራባት እችላለሁ? ሮዞቹ ሮዝ ጫጩት ይሰጡኛል?»

ምላሽ፦

ሻጋታው የእንቁላሎቹ ገዳይ አይደለም፤ የሞቱትን ተከትሎ የመጣ ነው። ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውሃ ሻጋታ ዘር በማንኛውም አኳሪየም ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ይሁንና በትክክል የዳበረና ሕያው የሆነ እንቁላልን በቀላሉ አይደፍርም። ያልዳበረ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሞተ እንቁላል ግን ሽፋኑ ይላላና ውሃ ያስገባል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ይረጋና ይነጣል፤ ሻጋታው የሚያርፍበትም ከዚህ በኋላ ነው። አንዴ ከበቀለ ክሮቹን ዘርግቶ በአጠገቡ ያሉትን ጤነኛ እንቁላሎችም ሊያፍን ስለሚችል መድኃኒቱ ፈጽሞ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ውሃውን ቀለል ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ብቻ የሚያቀልም ሜቲሊን ብሉ ሕያዋኑን ከሙታኑ ይከላከላል። ያልዳበረውን እንቁላል ግን አያዳብረውም፤ በዚያ ላይ ለጫጩቶቹ የመጀመሪያ ምግብ የሚሆኑትን ረቂቅ ነፍሳት ስለሚገድል ጫጩቶቹ መዋኘት ከመጀመራቸው በፊት ውሃው መቀየር አለበት። ማላካይት ግሪን የተቀላቀለበትን መድኃኒት ግን ለእንቁላልም ለጫጩትም ባይጠቀሙ እመክራለሁ። ስለዚህ ገንዘብዎን በመድኃኒት ላይ ከማዋልዎ በፊት እንቁላሎቹ ለምን ሳይዳብሩ እንደቀሩ መመርመር ይቀድማል።

የብላክ ስከርት እንቁላል ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ የጠራና በቀላሉ የማይታይ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ከተጣለ ግማሽ ቀን ያህል በኋላም ጥራቱን ካላጣና በአስኳሉ ዙሪያ የተጠቀለለ ቀጭን ሽል ከታየበት ዳብሯል ማለት ነው። ከዚህ ሰዓት በፊት የነጣው ሁሉ ከመጀመሪያውም ያልዳበረ፣ ወይም በዝውውር የተጎዳ፣ አለዚያም ውሃው ያልተስማማው ነው። ወንዶቹን መካን ናቸው ብሎ መፈረጅ የመጨረሻው ግምት ሊሆን ይገባል፤ በእርስዎ ሁኔታ ከዚያ በፊት መታየት ያለባቸው ሦስት ግልጽ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ቦታው ነው። ወንዱ የሚረጨው የዘር ፈሳሽ በውሃ ውስጥ ኃይሉን ይዞ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ፣ ከደቂቃ ብዙም ላልዘለለ ጊዜ ነው። ፊልተሩ በሚያናውጠው፣ ኒዮኖችና ጉፒዎች እንቁላል ለመልቀም በሚሻሙበት በ120 ሊትር ውሃ መካከል ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው በእርጋታ የሚጥሉበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሁለተኛው ዝውውሩ ነው፤ እንቁላሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመንቀሳቀስ፣ በሙቀት ልዩነትና በውሃ ለውጥ በቀላሉ ይሞታል። በቴትራ እርባታ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፦ እንቁላሉ ባለበት ይቀራል፤ ከገንዳው የሚወጡት ወላጆቹ ናቸው።

ሦስተኛው ውሃው ነው፤ ይህን በዝርዝር ማየት ይገባል። ቴትራዎች በአብዛኛው የመጡት ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች ነው። ኒዮን የሚኖረው ፔሩን፣ ኮሎምቢያንና ብራዚልን በሚያካልለው የአማዞን የላይኛው ተፋሰስ ሲሆን፣ ብላክ ስከርት ደግሞ በፓራጓይ ወንዝ ተፋሰስና በአካባቢው ይገኛል። በዚያ ያለው ውሃ፣ በተለይ የኒዮኑ፣ ካልሲየምና ማግኒዢየም እጅግ ያነሰበት ነው። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ የእንቁላሉ ሽፋን ይጠነክራል፤ የመዳበርና የመፈልፈል ዕድሉም ይቀንሳል። ትልልቆቹ ዓሦች በዚሁ ውሃ ለዓመታት በጤና መኖራቸው ለእንቁላሉ ይስማማል ማለት አይደለም።

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጽ ውሃ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የኋለኛው ድንጋይ ውስጥ የቆየ በመሆኑ ማዕድኑ ከፍ ይላል። ግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። ስለዚህ ጎረቤትዎ ወይም ሌላ ክፍለ ከተማ ያለ ወዳጅዎ ስለተሳካለት የእርስዎም ውሃ ይሆናል ብለው አይደምድሙ። አነስተኛ የቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን) መለኪያና የካልሲየም መጠን የሚያሳይ ጠብታ መመርመሪያ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ሊገዙ የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው። መለኪያው እስኪገኝ ድረስ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ይመልከቱ፤ በየሳምንቱ የሚወፍር ከሆነ ውሃው ለቴትራ እንቁላል የሚመች አይደለም። ለብላክ ስከርት የካልሲየምና የማግኒዢየሙ መጠን በሚለካበት የጀርመን ዲግሪ ከ4 እስከ 8፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6.5 እስከ 7፣ ቲዲኤስ ደግሞ ከ150 በታች ቢሆን በቂ ነው። ኒዮን በዚህ አይረካም፤ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ጨው መጨመርዎ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ለጉፒ ትንሽ ጨው ላይጎዳ ይችላል፤ የቴትራ እንቁላል ግን ውስጡ በሚገባ እንዲያድግ በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ጥቂት መሆኑን ይፈልጋል።

ማዕድኑን ለመቀነስ በአገራችን የሚቻሉ መንገዶች አሉ። አስተማማኙ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ማዕድኑን በሚያስቀር ረቂቅ ማጣሪያ፣ የተጣራ ውሃን ከቧንቧው ውሃ ጋር ማደባለቅ ነው። ማጣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ የታሸገ ውሃ አማራጭ ነው፤ የማዕድን ይዘቱ በጠርሙሱ ላይ ስለሚጻፍ አነስተኛ ካልሲየምና አነስተኛ ጠቅላላ ማዕድን ያለውን መርጦ ለአንድ የእርባታ ገንዳ የሚበቃ መግዛት ከባድ ወጪ አይደለም። የክረምት ዝናብም ጥሩ ውሃ ነው፤ ሆኖም ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብ ዚንክ ስለሚይዝና ዚንክ ለዓሣ፣ ይልቁንም ለጫጩት፣ መርዝ ስለሆነ በፍጹም አይጠቀሙበት። ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ በገላጣ ቦታ አስቀምጠው በቀጥታ ይቀበሉ። ውሃን አፍልቶ ማቀዝቀዝና የረጋውን ነጭ ዝቃጭ ትቶ ከላይ ያለውን መቅዳት የካልሲየሙን ከፊል ብቻ ይቀንሳል፤ ለብላክ ስከርት አንዳንዴ ይበቃል። የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ይተዉት፤ በዚሁ ስም አሲድ የተቀላቀለበትም ስለሚሸጥ አንዱን ከሌላው መለየት ሳይችሉ ዓሦችዎን ሊፈጁ ይችላሉ። ፍጹም የተጣራ ውሃም ብቻውን አይበቃም፤ ምንም ማዕድን ከሌለበት ፒኤቹ በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል ጥቂት የቧንቧ ውሃ ይደባለቅበት። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለበት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በአየር ፓምፕ እየተናፈሰ መቆየት አለበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋት ልለፍ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ ሠላሳ ጫጩቶች የውሃውንም የመዳበሩንም ፈተና አልፈው የመጡ ነበሩ። የሞቱት በበሽታ ሳይሆን በረሃብና በተበላሸ ውሃ ነው ብዬ በሙሉ እምነት እናገራለሁ። የብላክ ስከርት እንቁላል በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው ፍጡር ገና ዓሣ አይመስልም፤ ሆዱ ላይ የአስኳል ከረጢት የተሸከመች ቀጭን ክር ሆኖ በመስታወቱ ላይ ወይም በቅጠል ላይ ተጣብቆ ይንጠለጠላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ተስፈንጥሮ ይለቃል። በዚህ ጊዜ አፉ አልተከፈተም፤ የሚሰጠው ምግብ ሁሉ ይበሰብሳል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሲሆነው አስኳሉ ያልቃል፤ አግድም መዋኘት ይጀምራል፤ ከዚያች ሰዓት አንሥቶ ለአፉ የሚመጥን፣ የሚንቀሳቀስ ምግብ በዙሪያው ካላገኘ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ምግብ ቢቀርብለት እንኳ የማደን ኃይል አይኖረውም።

የጉፒ ልምድዎ ያሳሳተዎት እዚህ ላይ ነው። የጉፒ ጫጩት ሙሉ አካል ይዞ፣ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ሆኖ ስለሚወለድ የተፈጨ ደረቅ ምግብ በዕለቱ ይበላል። የቴትራ ጫጩት በመጀመሪያው ቀን ከሦስትና አራት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ አፉም ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም የማይተልቅን ነገር ብቻ ይውጣል። የእንቁላል አስኳል አይንቀሳቀስምና ጫጩቱ ምግብ መሆኑን አያውቅም፤ ወለሉ ላይ ሰፍሮ ይበሰብሳል፤ በጥቂት ሊትር ውሃ ውስጥ አሞኒያው በአንድ ሌሊት ይጨምራል። ጠዋት ላይ ውሃው ደብዝዞና ሸትቶ ካገኙት ምክንያቱ ይህ ነው።

ስለዚህ የቴትራ እርባታ የሚጀመረው ከወላጆቹ ሳይሆን ከምግቡ ነው። ጥንዶቹን ከማገናኘትዎ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ምግቡን ማብቀል ይኖርብዎታል። ቀዳሚው ኢንፉሶሪያ ነው፤ ይኸውም ፓራሜሲየምንና መሰል ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ነፍሳትን በአንድነት የምንጠራበት ስም ነው። ለዚህ ሐይቅ ወይም ኩሬ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አልመክርም። ከዚያ የሚቀዳ ውሃ ሃይድራ የተባለውን ትንሽ አዳኝ ፍጡርና ጫጩት የሚበሉ የነፍሳት እጮችን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ እንደ ጣናና ዝዋይ ባሉ ሐይቆች ቢልሃርዝያ ስላለ ባዶ እጅን ውሃ ውስጥ መክተት ለራስዎም አደጋ ነው። ጤነኛ ከሆነው አኳሪየምዎ ፊልተር ስፖንጁን ሁለት ሊትር በሚይዝ ማሰሮ ውስጥ በአኳሪየሙ ውሃ ይጭመቁት፤ አንድ ቁራጭ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ወይም ለስለስ ብሎ የተቀቀለ የጥቅል ጎመን ቅጠል ይጨምሩበትና በስስ ጨርቅ ሸፍነው ሞቅ ባለ ቦታ ያኑሩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው አይሆንም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ውሃው ነጭ ይሆናል፤ ይሸታልም። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ግን ባክቴሪያው ሲባዛ የሚታይ ነው። ጥቂት ቀናት ቢታገሡ ባክቴሪያውን የሚበሉት ረቂቅ ነፍሳት ይበዙና ውሃው መልሶ ይጠራል፤ ሽታውም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ያድርጉና ከጎን የእጅ ባትሪ ያብሩበት። በብርሃኑ ውስጥ በራሳቸው ኃይል የሚዟዟሩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄዱ ነጫጭ ነጥቦች ካዩ ምግቡ ደርሷል። ዝም ብለው ወደ ታች የሚሰፍሩ ከሆኑ ቆሻሻ ናቸው። በየአራትና አምስት ቀኑ ከመጀመሪያው ጥቂት ውሃ እየጨመሩ ሌላ ማሰሮ በመጀመር ቢያንስ ሦስት ማሰሮ ይኑርዎት፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካዋልና።

ሁለተኛው ምግብ ማይክሮዎርም የሚባለው ጥቃቅን ትል ወይም የአቼቶ ትል ነው። ማይክሮዎርም ቀጭን በሆነ የቀዘቀዘ የአጃ ገንፎ ላይ ቁንጥር እርሾ ተነስንሶበት በክዳን ዕቃ ውስጥ ይረባል፤ ትሎቹ በዕቃው ጎን ሲወጡ በጣት ጠርጎ መስጠት ነው። ሆኖም ወደ ወለሉ ስለሚሰምጡና በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ስለሚሞቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጡ። የአቼቶ ትል ለማውጣት ቢያስቸግርም በመሃልና በላይኛው ውሃ ውስጥ ለቀናት ሕያው ሆኖ ስለሚዋኝ ገና ዋና ለጀመረ ጫጩት ከማይክሮዎርም ይሻላል። መነሻ የሚሆነው ጥቂት ዘር ዓሣ ከሚያረቡ ሰዎች ይገኛል። ሦስተኛውና ዋነኛው አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም በጨዋማ ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጡር፣ ነው። እንቁላሉን ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው እንዲያመጣልዎ ማድረግ ካለብዎትም ያድርጉ፤ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ገደማ ጨው፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ብርሃንና ጠንካራ አየር ካገኘ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይፈለፈላል። አየሩን ሲያቆሙ ቅርፊቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብርቱካንማዎቹ ጫጩቶች ብርሃን ወዳለበት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ስቦ፣ በስስ ጨርቅ አጥልሎና በጨው አልባ ውሃ አጥቦ መስጠት ነው። ቅርፊቱ ተቀላቅሎ ከገባ የጫጩቶቹን አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

የእርባታው ገንዳ ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ወለሉ ባዶ፣ ውሃው 20 ሴንቲሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቢሆን ይበቃል። አሸዋ አያስፈልግም። ወላጆቹ እንቁላሉን እንዳይበሉ በወለሉ ላይ ልጆች የሚጫወቱበትን የመስታወት ብይ በሁለት ድርብ መደርደር፣ ወይም እንቁላሉ የሚያልፍበት ዓሣው ግን የማያልፍበት የፕላስቲክ ወንፊት ከወለሉ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ መዘርጋት ነው። ከዚያ በላይ ተቀቅሎ ቀለሙን የጨረሰ የሰው ሠራሽ ክር ጥቅል ወይም ጃቫ ሞስ የሚባለው የአኳሪየም ተክል ይጣልበት። ፊልተሩ የስፖንጅ ይሁን፤ አየሩም አረፋ በአረፋ የሚወጣ እንጂ ውሃውን የሚያናውጥ አይሁን። አየሩን ፈጽሞ መተው ግን አይቻልም፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከተሞች ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ያለ አየር ፓምፕ ይሆናል ቢልዎት ለእኛ ከተማ አይሠራም። የከተማችን ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ማሞቂያ የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ገንዳ ሙቀቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚያጣ ከሦስት ጎን በፎም ይሸፍኑት፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም በእጅዎ ይኑር።

ወላጆቹን ለመምረጥ በመጀመሪያ ጾታቸውን ይለዩ። ሴቷ ተለቅ ያለችና ከላይ ሲያዩዋት ሆዷ በሁለቱም ጎን የሰፋ ነው፤ ወንዱ ቀጠን ያለ፣ የጀርባ ክንፉ ጫፍ ሹል፣ ከሆዱ ሥር ያለው ሰፊ ክንፍ ደግሞ ከፊት በኩል የተስፋፋ ነው። በብዙ ቴትራዎች ወንዱ በዚህ ክንፉ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሜንጦዎች ስላሉት በመረብ ሲያወጡት ክንፉ ከመረቡ ጋር ይያያዛል፤ እንዲህ ሲሆን አይጎትቱት፣ መረቡን ውሃ ውስጥ መልሰው ራሱ እስኪላቀቅ ይጠብቁ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ለይተው ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን በተለያየ ቦታ ያኑሯቸውና በበረዶ የቀዘቀዘ ወይም ሕያው ምግብ ይመግቧቸው፤ ደረቅ ምግብ ብቻ የበላች ሴት የምትጥለው እንቁላል ጥቂትና ደካማ ነው። ከዚያ ሁለቱንም አመሻሽ ላይ ወደ እርባታው ገንዳ ያስገቡ። አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ንጋት ብርሃን ሲገባ ይጥላሉ፤ ለሰዓታት የሚቀጥል ሥራ ሲሆን ጥሩ ሴት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ማሳደዱ ቆሞ ሁለቱም ወለል ወለሉን ሲለቅሙ ካዩ አልቋል፤ ወዲያውኑ አውጧቸው። በሦስት ቀን ካልጣሉ መልሰው ያሳርፏቸውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሞክሩ። ከሁለት ሙከራ በኋላም እንቁላሉ ሁሉ ቢነጣ ያን ጊዜ ወንዱን ይቀይሩ።

ወላጆቹ እንደወጡ ገንዳውን በጨርቅ አጨልመው ይተዉት፤ የነጡትን እንቁላሎች ብቻ በቀጭን ቱቦ ይልቀሙ። ጫጩቶቹ አግድም መዋኘት በጀመሩ ዕለት ከጠራው የኢንፉሶሪያ ማሰሮ አንድ ብርጭቆ ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይጨምሩ፤ በገንዳው ጥግ የደበዘዘ ብርሃን ሌሊቱንም ቢኖር ሳያቋርጡ ይመገባሉ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጥቂት አርቴሚያ አስገብተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። የበላ ጫጩት ሆዱ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል፤ ያልበላው ደግሞ ከጭንቅላቱ ሥር ወደ ውስጥ የገባ፣ ባዶ ነው። ግማሽ ያህሉ ብርቱካንማ ሆዱን እስኪያሳይ ድረስ ኢንፉሶሪያውን አያቋርጡ። እኔ በዚህ ምልክት ላይ ከቀን ቆጠራ ይልቅ እተማመናለሁ፤ የአንድ ቀን ጫጩቶች እንኳ እኩል አያድጉምና።

ውሃውን በተመለከተ፣ በአየር ቱቦ ወለሉን እየጠቡ በየቀኑ ከአሥር በመቶ ያልበለጠ ይቀይሩ፤ የሚተካው ውሃ ሙቀቱም ማዕድኑም ተመሳሳይ ሆኖ በጠብታ ይግባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጠን ልዩነታቸው ጎልቶ ሲወጣ ትልልቆቹን ለይተው ሌላ ገንዳ ካላስገቧቸው ትንንሾቹን ይበላሉ። ወር ገደማ ሲሞላቸው የተፈጨ ደረቅ ምግብ ይለምዳሉ፤ አርቴሚያው ግን በቀን አንድ ጊዜ ይቀጥል።

ኒዮኖቹን አስመልክቶ መልሴ ግልጽ ነው፦ በዚህ መንገድ አይሆንም፤ አሁንም አይጀምሩ። ኒዮን ከ2 የጀርመን ዲግሪ በታች የሆነ፣ ፒኤቹ በ5 እና በ6 መካከል ያለ ውሃ፣ 24 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና ጨለማ ይፈልጋል፤ እንቁላሉ ብርሃን የማይወድ ሲሆን ጫጩቱም ከብላክ ስከርት ጫጩት ያነሰ በመሆኑ ለሳምንትና ከዚያም በላይ ከፓራሜሲየም ሌላ አይውጥም። ለንግድ የሚቀርበው ኒዮን በአብዛኛው ይህን ሁሉ በሚያሟሉ እርሻዎች የተራባ ነው። በተጨማሪም ፕሌይስቶፎራ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣው የኒዮን በሽታ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ሰማያዊው መስመር በከፊል የደበዘዘበት፣ ጀርባው የተጣመመ ወይም ሌሊት ከመንጋው ተነጥሎ የሚዋኝ ኒዮን ካለዎት ለእርባታ ማሰብ ቀርቶ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ይለዩት። ሁለት ዙር የብላክ ስከርት ጫጩቶችን ሁለት ወር እስኪሞላቸው አሳድገው ካሳዩ በኋላ ኒዮንን ያስቡ።

ሮዞቹ ብላክ ስከርቶች ሮዝ ጫጩት ይሰጡ እንደሆነ ለማወቅ ቀለሙ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ዝርያ በቀለም ይነከራል ወይም በመርፌ ይወጋል፤ እንዲህ ያለው ቀለም በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ወደ ልጅም አይተላለፍም። ይህ አሠራር ዓሣውን የሚጎዳና ለበሽታ የሚያጋልጥ በመሆኑ ሁለቱን ከእርባታው ውጭ ያድርጓቸው፤ ወደፊትም አይግዟቸው። በዘረ መል ለውጥ የተገኙና ቀለማቸውን የሚያወርሱ ቴትራዎችም በዓለም ገበያ አሉ፤ የእርስዎ ዓሦች ሮዝነት ካልደበዘዘና በሰማያዊ ብርሃን ሥር ደምቆ የሚያበራ ከሆነ ከእነዚያ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ የማሳስብዎ ይህ ነው፦ መድኃኒት አይግዙ፤ የቲዲኤስ መለኪያና የአርቴሚያ እንቁላል ይግዙ። በዚህ ሳምንት ሦስቱን የኢንፉሶሪያ ማሰሮዎች ይጀምሩ፤ በእጅ ባትሪው ብርሃን የሚዟዟሩትን ነጥቦች በሁለት ማሰሮ ውስጥ በዓይንዎ ሳያዩ ጥንዶቹን አያገናኙ፤ ሴቷ ሆዷ ሞልቶ ቢያጓጓዎት እንኳ ይጠብቁ። ከመጀመሪያው ዙር የተፈለፈሉትን ሁሉ ለማሳደግ አይሞክሩ፤ 40 ሊትር ውስጥ ሃምሳ ጫጩት በደህና ማሳደግ ሦስት መቶ ይዞ ሁሉንም ከማጣት ይበልጣል።

የሚተርፍዎትን ዓሣ አስቀድመው ማን እንደሚወስደው ይወቁ፤ ዓሣ የሚሸጡ ሱቆችና ሌሎች አርቢዎች ሁለት ሴንቲሜትር የደረሰ ብላክ ስከርት ይቀበላሉ። ቦታ ጠበበኝ ብለው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ግን አይልቀቁ። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ላቤኦባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው፤ ከአኳሪየም የሚለቀቅ ዓሣ እንደነዚህ ባሉ ውሃዎች ውስጥ በሽታና ባዕድ ተሻሚ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ጥንዶቹን ለያይቶ ማቆየት ብቻ ነው ተገቢው መንገድ።